የካምቢዮ ዘይት በቤት ስለ መለወጥ

የቤትን ሀብት መጠበቅ የእመቤቲቱ ሥራ ብቻ እንደ ሆነ አድርጎ መቍጠር በብዙ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ነገር ግን እመቤቲቱ በጓዳ ያለውን ቅቤና በርበሬ እንዳይበላሽ እንደምትጠብቅ ሁሉ፤ አባወራውም በደጁ ቆማ የምታድረውን መኪና ሊጠብቅ ይገባዋል። ይልቁንም መኪናዪቱ ያረጀች እንደ ሆነች ጥበቃው አብዝቶ ያስፈልጋታል፤ ሰው ሲያረጅ ምግቡ እንደሚመረጥለት፤ መሣሪያም ሲያረጅ ዘይቱ ሊመረጥለት ግድ ነውና።

ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው በአሮጌ አገር አቋራጭ መኪና ውስጥ ስላለው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት በየጊዜው መለወጥ እንዳለበት የማያውቅ ባለ መኪና የለም ማለት ይቻላል። የካምቢዮውን ዘይት ግን ብዙዎች መኪናዪቱን ከገዙ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም። እንዲያውም «ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ከተነካ ይሞታል» የሚል ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ይሰማል። ይህ ቃል ከፊሉ እውነት ከፊሉ ስሕተት ስለ ሆነ፤ እውነቱን ከስሕተቱ ለመለየት፤ ደግሞም በራሳችን ችኰላ የደረሰብንን ነገር ለሌላው ትምህርት እንዲሆን ለመግለጽ ይህን ጽፈናል።

በቤታችን ያለችው መኪና በፈረንጆች አቈጣጠር በ1998 ዓመት የተሠራች ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፕራዶ ናት። ይህ ዓይነቱ ፕራዶ ከ1996 እስከ 2002 ድረስ ሲሠራ የቈየ ሲሆን፤ የእኛይቱ ካምቢዮ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው። በእኛ አቈጣጠር በ2007 ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ወር እናታችንን ለወንድማቸው ተዝካር ወደ ደብረ ማርቆስ ልናደርሳቸው ተነሣን። መንገዱ ሩቅ ነውና አስቀድመን የካምቢዮውን ዘይት በገዛ እጃችን ለመለወጥ አሰብን። አሳቡ መልካም ነበር፤ አሠራራችን ግን የተቻኰለ ሆነ። አሮጌውን ዘይት በሳፋ አፈሰስንና ምን ያህል እንደ ሆነ ሳንለካ በጀሪካን ገልብጠን አስቀመጥነው። ከዚያም ሞተሩ እንደ ጠፋ አዲሱን ዘይት እያንቈረቈርን የመለኪያውን ዘንግ ብናይ፤ ሙሉ መሆኑን ከሚያመለክተው ጭረት ላይ ደረሰ። እኛም ሥራው ያለቀ መስሎን እጃችንን ታጠብን።

ከአዲስ አበባ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ መኪናዪቱ ምንም ነውር ሳታሳይ ሄደች። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከወንዙ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ የሚያስወጣ፤ ሙቀቱም የሚያስጨንቅ ነው። እኩሌታውን እንደ ወጣን ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዪቱ የማትጐትት ሆነች። ጥቂት ቈይቶም የካምቢዮው ዘይት ከልክ በላይ መሞቁን የሚያስታውቀው መብራት በራ። ከኋላችን ጭነት የሞላ ከባድ መኪና ይከተለናል፤ በአንድ ወገናችን ገደል ነው። በኋላ ወንበር የተቀመጡት እናታችን፤ «ልጄ፥ ይህች መኪና ደከማት መሰለኝ፤ ብታሳርፋት ምን አለ?» አሉን። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ እጃቸው ግን የበሩን መያዣ አጥብቆ ይዞ ነበር።

ከመንገዱ ወጣ ያለ ስፍራ አግኝተን አቆምን፤ ጎማዎቹንም በድንጋይ ደገፍን። እኛ መኪናዪቱን ስንዞራት፤ ባለቤታችን ከመሣቢያው ውስጥ ያለውን የመኪናዪቱን መጽሐፍ አውጥተው ሲያነብቡ ቈዩና፤ «ዘይቱን ሲለኩ ሞተሩ ይሠራ ነበርን?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን። መብራቱ እስኪጠፋ ከጠበቅን በኋላ ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን ስበን ብናይ፤ ዘይቱ ጫፉን እንኳ አልነካም ነበር። ንጹሕ ወረቀት እንደ ጥሩንባ ጠቅልለን፤ ተርፎን ከያዝነው ዘይት እያየን ብንጨምር ከ1 ሊትር በላይ ወሰደች። ከዚያም ቀስ ብለን ደጀን ወጣን፤ እናታችንም ለተዝካሩ ደረሱ። ካምቢዮው እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል፤ እናታችንን በገደል አፋፍ ያስቀመጠች ግን መኪናዪቱ ሳትሆን የእኛ ችኰላ መሆንዋን አልረሳነውም።

እንግዲህ ይህ ለምን እንደ ሆነ እንመልከት። በእጅ ማርሽ መኪና ሞተሩን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው። በአውቶማቲኩ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ዘይቱ ራሱ ነው። ቶርክ ኮንቨርተር በተባለው ክብ ዕቃ ውስጥ ክንፍ ያላቸው መንኰራኵሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሞተሩ አንዱን ሲያዞረው ዘይቱ ከዚያ እየተወረወረ ሁለተኛውን ያዞረዋል፤ የወንዝ ውሃ የወፍጮን መንኰራኵር እንደሚያዞር ማለት ነው። ይህን የመሰለውን አሠራር በ1905 ሄርማን ፌቲንገር የተባለ የጀርመን መሐንዲስ ለመርከብ ሞተር ብሎ አወጣው። በመኪና በኩል ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይድራማቲክ የሚባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ በ1939 በኦልድስሞቢል መኪና ላይ አወጣ።

ዘይቱም ያለበት ሥራ ይህ ብቻ አይደለም። በግፊቱ ማርሽ የሚለውጡትን ዲስኮች እርስ በርሳቸው ያጣብቃል፤ ብረቱ ከብረት እንዳይፋጅ ያለሰልሳል፤ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። ስለዚህ ዘይቱ ሲጐድል ፓምፑ በዘይት ፈንታ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ዲስኮቹ መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተቱም ሙቀት ይወልዳል። በዓባይ ዳገት የደረሰብን ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ስንለካ የታየን ሙላት ደግሞ ሐሰተኛ ነበር። ሞተሩ ሲቆም በላይ ያለው ዘይት ከፊሉ ወደ ታችኛው መያዣ ስለሚወርድ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ግን ፓምፑ ወደ ላይ ይስበውና ዝቅ ይላል።

ስለ ዘይቱ ዓይነት ልናስጠነቅቅ የምንወደው ነገር አለ። ለሞተር የሚሆን ዘይት ለዚህ ካምቢዮ አይሆንም። የካምቢዮው ዘይት ከሌላው እንዲለይ ብዙውን ጊዜ ቀይ ቀለም ይገባበታል፤ ቅመሙም ለዲስኮቹ አያያዝ ተብሎ የተመጠነ ነው። ጥንት ለዚህ ጠባይ ሲባል የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመርበት ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ዓሣ ነባሪው እንዳይጠፋ ሲል ንግዱን በከለከለ ጊዜ ግን ፋብሪካዎቹ ሌላ ቅመም መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ቅመሙ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ከሆነ፤ እኛ በገበያ ያገኘነውን ሁሉ ልንጨምርበት እንዴት ይገባናል? በእኛይቱ ፕራዶ የመለኪያ ዘንግ ላይ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚል ተቀርጿል፤ በሌላይቱ ሌላ ስም ይገኝ ይሆናል። ስለዚህ ዘንጉንና መጽሐፉን አንብቦ፤ ማኅተሙ ያልተነካውን ከታመነ ነጋዴ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ በፊት ዘንጉን ስቦ የዘይቱን መልክ በነጭ ጨርቅ ላይ መመልከት ያስፈልጋል። ቀይ ወይም ጥቂት የጠቈረ ቀይ ቢሆን መልካም ነው። ቡናማ ቢሆን አርጅቷል፤ መለወጫው ደርሷል። ጥቍር ሆኖ የተቃጠለ ነገር ቢሸት ዲስኮቹ ተቃጥለው ይሆናልና አስቀድሞ ለባለ ሙያ ማሳየት ይሻላል። ወተት እንደ ገባበት ዓይነት ሮዝ ቢሆን ደግሞ ውሃ ተቀላቅሎበታል ማለት ነው፤ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ስለ ሆነ፤ ራዲያተሩ ውስጡ ቀዳዳ ሳያገኝ አልቀረም። እንዲህ ያለችውን መኪና ሳያስመረምሩ መንዳት አይገባም።

ሁለተኛው ነገር ስፍራው ነው። መሬቱ ደልዳላ ይሁን። እንደ ፕራዶ ያለች መኪና ከመሬት ከፍ ያለች ስለ ሆነች፤ አራቱ ጎማዎችዋ መሬት ይዘው ሳሉ ሰው ከሥርዋ ሊገባ ይችላል፤ ይህም ከሁሉ የሚሻለው ነው። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሹ ፒ ላይ ይሁን፤ ጎማዎቹም ከፊትና ከኋላ በታኮ ይደገፉ። ማንሣት ግድ ቢሆን፤ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ሥር መግባት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነውና፤ ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይገባላት ማንም ከሥርዋ አይግባ። ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ዘይት ይገዛል፤ ካምቢዮም ይገዛል፤ የልጆች አባት ግን አይገዛም።

ሦስተኛው ማፍሰሱ ነው። ዘይቱ ለብ ሲል በደንብ ይወርዳል፤ ከሩቅ መንገድ እንደ ተመለሱ ወዲያው ቢፈቱት ግን እጅን ያቃጥላል። የማፍሰሻው ብሎን በካምቢዮው ሥር ባለው ጠፍጣፋ የዘይት መያዣ ላይ ይገኛል። በአጠገቡ የረዳት ማርሹም፥ የሞተሩም ማፍሰሻ ስላለ፤ ከመፍታት በፊት ደጋግሞ መለየት ያስፈልጋል። ሲፈስ የሚታየው ዘይት የካምቢዮው መልክ ከሌለው የተፈታው ሌላ ነውና ቶሎ መዝጋት ነው። የፈሰሰው ዘይት አንዲት ጠብታ ሳይባክን ሊትሩ በታወቀ ዕቃ ይለካ። እኛን በበረሃ ያዋረደን ይህችን መለኪያ መናቃችን ነው። ብሎኑ ሲመለስ አዲስ ሮንዴላ ይግባለት፤ ሲጠብቅም በልክ ይሁን። በመጽሐፉ የተሰጠው ልክ 20 ኒውተን ሜትር ሲሆን፤ የጎማው ብሎን ግን 110 ያህል ይጠብቃል፤ የዘይት መያዣውን ብሎን እንደ ጎማ ብሎን የሚያጠብቅ ሰው ጥርሱን ይበላዋል።

አራተኛው መሙላቱ ነው። በዚህች መኪና አዲሱ ዘይት የሚገባው የመለኪያው ዘንግ በሚወጣበት ቀጭን ቧንቧ ስለ ሆነ፤ አንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነ ንጹሕ ማፍሰሻ ያስፈልጋል። የወጣው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚገባውም ያንኑ ያህል ነው፤ አስቀድሞ ጐድሎ የነበረ እንደ ሆነ ግን ልኬቱ ኋላ ያሳያል። ከዚያ አንድ ሰው በመሪው ተቀምጦ ሞተሩን ያስነሣ፤ የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ የማርሹን መዘውር ከፒ ጀምሮ በየስፍራው ጥቂት እያቈየ እስከ መጨረሻው ያድርስና ወደ ፒ ይመልሰው። ሞተሩ ሳይጠፋ ዘንጉን አውጥቶ፥ ክር በማይተው ጨርቅ ጠርጎ፥ መልሶ አስገብቶ ማየት ነው። በዘንጉ ላይ ሁለት ዓይነት ጭረት አለ፤ አንደኛው ለቀዝቃዛ፥ ሁለተኛው ለሙቅ ነው። ቀዝቃዛው ለመነሻ ያህል ብቻ ነው፤ እውነተኛው ፍርድ ጥቂት መንገድ ተሂዶ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ በሙቁ ጭረት የሚታየው ነው። ቢጐድል በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር። ከልክ ቢያልፍም ዘይቱ አረፋ ይሆናልና ትርፉን ማውጣት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው፤ «ያፈሰስሁት ካምቢዮው ከሚይዘው እኩሌታ እንኳ አልሞላም፤ የቀረው ወዴት ሄደ?» ይል ይሆናል። የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩና በማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፤ በማፍሰሻው ብሎን አይወጣም። ስለዚህ ሥራው በአንድ ቀን አይፈጸምም። ለምሳሌ ካምቢዮው 10 ሊትር ቢይዝና በአንድ ጊዜ 4 ሊትር ቢፈስ፤ በመጀመሪያው ጊዜ አዲሱ ዘይት ከመቶ 40 እጅ ይሆናል፤ በሁለተኛው 64፥ በሦስተኛው 78 ይደርሳል። የጠላ ጋን በአንድ ውሃ እንደማይጠራ፤ ካምቢዮም እንዲሁ ነው። እኛ በየጊዜው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር እየነዳን ሦስት ጊዜ ለወጥን፤ ከዚያ ወዲህ በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጊዜ እናፈስሳለን።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ቃል እንመለስ። ያረጀ ካምቢዮ ዘይቱ ሲነካ ይሞታልን? ዘይት በሙቀት ይበላሻል፤ በግምት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል ይባላል። ዳገት የበዛበት፥ ጭነት የከበደበት፥ በከተማ መቆምና መነሣት ያደከመው ዘይት ቅመሙ ያልቃል፤ እንዲህ ያለውን ዘይት መተው ካምቢዮውን ማዳን አይደለም። ብዙውን ጊዜ ግን ባለ መኪናው ዘይት መለወጥን የሚያስበው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዲስኮቹ አልቀዋል፤ አዲሱ ዘይት ሊመልሳቸው አይችልም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲቆም ወቀሳው በዘይቱ ላይ ይወድቃል። ይህ በሞት አልጋ ላይ ላለ ሰው የተጠራውን ሐኪም ገደለው እንደ ማለት ነው። የቃሉ እውነተኛ ክፍል አንድ ነው፤ ለብዙ ዘመን ያልተለወጠ ዘይት በድንገት በመሣሪያ ግፊት ሙልጭ አድርጎ ማጠብ የተከማቸውን ቈሻሻ አንቀሳቅሶ ጠባቡን መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ለአሮጌ ካምቢዮ የሚሻለው ቀስ በቀስ እያፈሰሱ መተካት ነው።

የዘይት መያዣውን ራሱን ፈትቶ ማጣሪያውን ማየት ግን ለጀማሪ አንመክርም። ባለ ሙያ በሚከፍተው ጊዜ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ በውስጡ ያሉትን ማግኔቶች ይመልከት። በላያቸው የተጣበቀ ልሙጥ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስብርባሪ ከታየ ግን የሕመም ምልክት ነው።

ስለ ወጣው ዘይትም አንድ ቃል እንጨምር። በግቢ መሬት ወይም በቦይ ማፍሰስ የጐረቤትን ጕድጓድ ውሃ ማበላሸት ነው። ክዳን ባለው ጀሪካን ተደርጎ፥ «አሮጌ ዘይት» ተብሎ ተጽፎበት፥ አሮጌ ዘይት ወደሚሰበስብ ጋራዥ ይወሰድ። ልጆች ቀይ መልኩን አይተው የሚጠጣ ነገር እንዳይመስላቸው፤ በመጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም።

ዛሬ በቤታችን ይህ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ባለቤታችን መጽሐፉን ይዘው በመሪው ይቀመጣሉ፤ ፍሬኑን የሚረግጡትና ማርሹን የሚያዞሩት እርሳቸው ናቸው። የበኵር ልጃችን የወጣውን ዘይት ይለካና ቀኑን፥ ኪሎ ሜትሩንና ሊትሩን በደብተር ይጽፋል። እናታችንም በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሥራው ሊያልቅ ሲል፤ «ሞተሩ በርቷል ወይ?» ብለው ሳይጠይቁን አያልፉም። እኛም ጥያቄው እየደጋገመ ሲመጣ አይከፋንም፤ በዓባይ ዳገት ላይ የተማርነው ትምህርት በዚያች በአንዲት ቃል ተጠቅልሎ ይገኛልና። አንባቢዎቻችንም ዳገቱ ላይ ከመድረሳቸው በፊት፤ በደጃቸው በደልዳላው መሬት ይህን ጥያቄ ራሳቸውን እንዲጠይቁ እንመክራለን።